የሩቁ ጦርነትና የ1909 ዓ.ም. ግዝት በሐይቅና በአምባሰል አገር

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቦሩ ሜዳን፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሐይቅ ከተማንና የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ውጫሌን በተከታታይ ያገናኛል። መንገዱ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የአገሪቱን የሃይማኖትና የፖለቲካ ታሪክ ያቀኑ በርካታ ውሳኔዎች የተላለፉት በዙሪያው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርትና የምንኩስና ማዕከል አድርገውታል። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተካሂዷል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያንና የኢጣሊያን ግንኙነት የወሰነው ውል በውጫሌ ተፈርሟል።

በዚሁ አካባቢ እምብዛም የማይነሳ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። ይህም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢትዮጵያ ሳትገባበት፣ አንድም ጥይት በወሎ ምድር ሳይተኮስበት፣ በሃይማኖት ቋንቋ ተጠቅልሎ ወደ አገሪቱ የገባበትና ወሎን ለከባድ ኪሳራ የዳረገበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ በአውሮፓ የተጀመረው በ1906 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ በ1907 ዓ.ም. መግቢያ የኦቶማን መንግሥት ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጎን ተሰለፈ። ኅዳር 5 ቀን 1907 ዓ.ም. በኢስታንቡል የተነበበው የጂሃድ ጥሪ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ አገዛዝ ሥር የሚገኙ ሙስሊሞች ሁሉ በገዥዎቻቸው ላይ እንዲነሱ የሚያሳስብ ነበር። ጥሪው በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ የተለያየ ምላሽ አስገኝቷል። የኩዌቱ ሼክ ሙባረክ አል ሳባህ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንግሊዝ ጋር በውል የተሳሰሩ በመሆናቸው ከእንግሊዝ ጎን ቆሙ። ይሁን እንጂ በ1907 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ የእንግሊዝ ወዳጅ የነበሩትን የሙሐመራህን ሼክ ለመርዳት እንዲዘምት በታዘዘ ጊዜ አልዘምትም ብሎ እምቢታውን ገልጿል። የሃይማኖት ምሁራንም ተቃውሞውን ደግፈውታል። በየመን ኢማም ያህያ ከኦቶማን ጋር ጸንተው ሲቆዩ፣ በዐሲር ኢድሪሲ ከእንግሊዝ ጋር ተስማሙ። የመካው ሸሪፍ ሁሴን ደግሞ በሰኔ 1908 ዓ.ም. በኦቶማን ላይ አመፅ አወጁ። አንዱ ወገን በእስልምና ስም ለጦርነት ሲጠራ ሌላውም በዚያው በእስልምና ስም የተቃራኒውን ጥሪ አሰማ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ከሁለቱም ወገን ነጻ ነበረች። ሆኖም ዙሪያዋን የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ነበሩ። ኢጣሊያ በግንቦት 1907 ዓ.ም. ጦርነቱን ስትቀላቀል ደግሞ የአገሪቱ ድንበሮች በሙሉ በአንድ የጦር ጎራ ቁጥጥር ሥር ወደቁ። ጀርመንና ኦቶማን በአዲስ አበባ ካሏቸው መልእክተኞች ጋር እንደልብ መገናኘት የማይችሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሊዮ ፍሮቤኒየስ መልእክት ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ያደረጉት ሙከራ በኢጣሊያ ባለሥልጣናት ኤርትራ ላይ ተገትቶ ከሽፏል። የኦቶማኑ ቆንስል ጄኔራል መዝሃር ቤይ በአገር ውስጥ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ በሦስቱ ሌጋሲዮኖች ዓይን ሥር ይካሄድ ነበር።

በዚህ ወቅት የአገሪቱ ሥልጣን በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አድርገው ባሳወቁ ጊዜ መኳንንቱ የገቡት ቃል መሐላና እርግማን የታከለበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ መምራታቸውን ቀጠሉ። አባታቸው ራስ ሚካኤልም ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ልጅ ኢያሱ ለሙስሊም ባላባቶች ቀረቤታ አሳይተዋል፤ በጋብቻም ከእነርሱ ጋር ተሳስረዋል፤ ከሶማሌው መሪ ከሰይድ መሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን ጋር ግንኙነት ፈጥረዋል። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ሃይማኖታቸውን ስለመለወጣቸው የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን በአንድ ቃል አልተስማሙም። በሙስሊም አለባበስ የተነሷቸው ናቸው ተብለው በወቅቱ የተሠራጩት ፎቶግራፎች እውነተኛነትም እስካሁን ያከራክራል።

ሌጋሲዮኖቹን ያሳሰባቸው ግን የልጅ ኢያሱ እምነት አልነበረም። ጭንቀታቸው የኦቶማን ጥሪ በኢትዮጵያ ሙስሊሞች በኩል ወደ ሱዳን፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች እንዳይተላለፍ ነበር። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መግቢያ ሦስቱ ሌጋሲዮኖች ለኢትዮጵያ መንግሥት በጋራ ያቀረቡት የተቃውሞ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ ስጋት ነው። የሸዋ መኳንንት በበኩላቸው የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። ሹመት ተነፍገዋል፤ የወሎ ቤት የበላይነትም አስግቷቸዋል። ራስ ተፈሪ መኮንን በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ከአባታቸው ግዛት ከሐረር መነሳታቸው ይህን ቅሬታ አባባሰው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው የውጭው ስጋትና የውስጡ ቅሬታ መነሻቸው የተለያየ ነበር፤ አንድ ያደረጋቸው የሃይማኖት ክስ ብቻ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። እዚህ ላይ በአሠራር ረገድ ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። መኳንንቱ የታሠሩት በመሐላ ስለነበር ልጅ ኢያሱን ለመሻር ሠራዊት ብቻ አይበቃም፤ መሐላውን የሚፈታ አካል ያስፈልግ ነበር። ይህ ሥልጣን የነበረው በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ነው። ጳጳሱ መጀመሪያ ላይ ማመንታታቸው ይነገራል። በመጨረሻ ግን ሕዝቡን ከመሐላው ፈትተው ልጅ ኢያሱን አወገዙ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። አቡነ ማቴዎስ በትውልድ ግብፃዊ እንደነበሩና ግብፅም በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር እንደነበረች ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ ውሳኔው ከለንደን የመጣ ነው ለማለት አይቻልም።

አዲስ አበባን ከደሴ ጋር የሚያገናኘው የስልክ መስመር ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመታት በላይ አገልግሎት ሲሰጥ የቆየ በመሆኑ ወሬው ወደ ወሎ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። የጊዜው መግጠም የሚያስገርም ነው። በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ ዓመታዊ ክብረ በዓል የሚውለው መስከረም 21 ቀን በመሆኑ፣ ግዝቱ የታወጀው የወሎና የአጎራባች አገሮች ምዕመናን ወደ አምባው በሚጎርፉበት ሳምንት ነበር።

ክሱ የሃይማኖት ነበርና የወሎ ምላሽ በሃይማኖት መስመር ሊከፈል ይችል ነበር። ክርስቲያኑ ግዝቱን ይቀበላል፣ ሙስሊሙ ልጅ ኢያሱን ይደግፋል ተብሎ ሊገመት ይችላል። የሆነው ግን ይህ አይደለም። ጦሩን ይዘው ወደ ሸዋ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ ሠራዊታቸውም ክርስቲያንና ሙስሊም የተቀላቀለበት የወሎ ጦር ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአንድ አዝማች ሥር ተሰልፈው በአንድ ሜዳ ወድቀዋል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ወደ ቦሩ ሜዳ መመለስ ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሜዳ የቤተ ክርስቲያንን የትምህርት ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ አደረጉ። ኢማም መሐመድ አሊ በዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባትነት ራስ ሚካኤል ተባሉ። አባ ዋጠው የተባሉት ሌላው መሪ በምኒልክ የክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። በሕዝቡ ላይ የተጣለው ግዴታ ግን ከፍተኛ ተቃውሞ ቀስቅሷል። ሸኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር የመሩት ትግል ከዚህ የመጣ ነው። ስለሆነም የወሎ ሰው በ1909 ዓ.ም. ሃይማኖት በአዋጅ ሲቀየር ማየት ለእርሱ አዲስ አልነበረም። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በሙስሊም ስም ልጅ በክርስቲያን ስም የሚጠራበት፣ አጎት መስጊድ ደብተራው ወንድሙ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያድሩበት አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ አይጠየፍ መባሉም ይህንኑ ኑሮ ያሳያል፤ በወሎ የሁለቱ እምነት ተከታዮች በአንድ ግብር ቤት ሲጋበዙ ሥጋው ለየብቻ መቅረቡ የቆየ ሥርዓት ነው። በችግርና በጦርነት ወሬ ጊዜም ሙስሊሙ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ሲያደርግ፣ ክርስቲያኑ ምሕላ ይገባል። የሁለቱም ልመና ለአገር ሰላም ነው።

ግዝቱ ከሃይማኖት ይልቅ የከፈለው ቤተሰብን ነው። ለዚህ ከአምባሰል የጃንጥራሮች ቤት የበለጠ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወይዘሮ መነን የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው። ስለዚህ ለንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ ለልጅ ኢያሱ የእህት ልጅ ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተጋቡ፤ ጋብቻውንም ያመቻቹት ራሳቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ልዑል ሰገድ በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት የሸዋን ጦር እየመሩ በቶራ መስክ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ታላቅ ጦርነት የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። አንዲት የአምባሰል ሴት በአንድ ወር ውስጥ የቀድሞ ባሏን በአያቷ ጦር እጅ አጣች፤ አያቷም በባሏ ወገን እጅ ወደቁ። በዚህ ውስጥ የሃይማኖት ልዩነት የት ላይ እንደሚገኝ ለመናገር ያስቸግራል።

ከሰገሌ በኋላ የተከተለው ለወሎ ከባድ ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ንጉሥ ሚካኤል እስረኛ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥም በእስር እንዳሉ አረፉ። የወሎ አስተዳደር ከቤታቸው ወጥቶ በሸዋ ሹማምንት እጅ ገባ። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር፣ ቀጥሎም ወደ መቅደላ ተመልሰው ተከታዮቻቸውን አሰባስበው ነበር። ከመቅደላ ከበባ አምልጠው ወደ አፋር ከተመለሱ በኋላ እስከ 1913 ዓ.ም. ሳይያዙ መቆየታቸው ብቻውን ግዝቱ በወሎና በአፋር የነበረው ተቀባይነት ውስን መሆኑን ያሳያል። ደጋፊዎቻቸው እህልና መጠለያ የሰጧቸው ሃይማኖታቸውን መርምረው አልነበረም።

ጦርነቱን በሃይማኖት ስም ያቀረቡት መንግሥታት ግን ጉዳያቸውን ቀድመው ጨርሰዋል። በ1911 ዓ.ም. መግቢያ የኦቶማን መንግሥት እጁን ሰጠ። የመካው ሸሪፍ የተገባላቸው ቃል አልተፈጸመላቸውም። የሌጋሲዮኖቹ የስጋት ጽሑፍም በፋይል ተዘጋ። በወሎ ግን ክሱ ቆየ። አንዳንድ የታሪክ መጻሕፍት ዘመኑን የክርስትናና የእስልምና ፍልሚያ አድርገው ከማቅረባቸው የተነሳ በወሎ የነበረው የጋራ ሰልፍ ከንባቡ ተዘንግቶ ቀርቷል። የሕዝቦችን ታሪክ ለመግለጫና ለንግግር የሚያዘጋጁ የመንግሥት ባለሙያዎች ይህን ዘመን በሚጠቅሱበት ጊዜ ግዝቱ በአዲስ አበባ ምን እንዳደረገና በወሎ ምን እንዳላደረገ ለይተው ቢያቀርቡት ይመረጣል።

ልጅ ኢያሱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በግዞት እንዳሉ አረፉ። በዚያው ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የኢጣሊያን ወረራ ለመመከት ጠቅላይ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቦምቡም ከወደቀባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆስፒታል ነበር።