ከእንጦጦ እልፍኝ እስከ ኪራይ ፎቅ፦ የሥራ ቦታ ምቾትና ከፋዩ



ባለፈው ዓመት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ አንድ ወጣት ወደ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። በስልኩ የሦስት ፕራይቬት ኢኩዊቲ ድርጅቶችን፣ ማለትም የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው ኩባንያ ገዝተው አሳድገው የሚሸጡ ድርጅቶችን ጽሕፈት ቤቶች ፎቶግራፍ ይዟል። አንዱ የመስታወት ግድግዳና የቡና ማሽን አለው፤ ሁለተኛው የስፖርት ማዘውተሪያ፤ ሦስተኛው በአንድ የመኖሪያ ቪላ ውስጥ የተከራየ ነው። «መምህር፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ያን ቀን ረብ ያለው መልስ አልሰጠሁትም። የዛሬው ንግግሬ የዘገየ መልስ ነው፤ የታሪክ ሰው ስለሆንሁም ከተራራው እጀምራለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ የከተሙት ለምቾት አልነበረም። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ዙሪያውን አሻግሮ ለማየትና ለመከላከል ይመቻል። ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተለሰነው ቤተ መንግሥት ዛሬም ይጎበኛል፤ ክረምት ላይ የጎበኘው ሰው ብርዱን ያስታውሳል። ውሃ ሩቅ ነው፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ በዙሪያው የነበረው ጽድም ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ መንግሥት የሥራ ቦታውን የቀየረው ሙቅ ውሃና ማገዶ ፍለጋ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ሥራው ወደ ሙቀቱ ሲወርድ ክብሩ ለጊዜው ብርዱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታ ማለት ግቢ ነው። ሚኒስትሮች በ1900 ዓ.ም. ሲሾሙ ማዕረጉ ቀድሞ መጣ እንጂ ለእያንዳንዳቸው መሥሪያ ቤት ወዲያው አልተሠራላቸውም። ጉዳይ የሚፈጸመው በሹሙ መኖሪያ ነበር፤ ባለ ጉዳይም ደጅ ይጠናል። ዛሬ የእንግዳ መቀበያ ሶፋ የምንለው ያን ጊዜ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ደጅ ነበር። የምቾቱ ሁሉ ምንጭ ደግሞ በአንድ ቃል ይገለጻል፦ ግብር። ገባሩ የሚያገባውም ግብር ነው፤ በአዳራሹ የሚበላውም ግብር ነው። ቋንቋችን የሒሳቡን ሁለት ወገን በአንድ ስም መጥራቱ ለእኔ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። እህልና ማር፣ ማገዶም ጭምር፣ ከገባሩ ትከሻ ላይ ወርደው ነው ማዕዱ የሚሞላው።

ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሲበዙ ወደ ምሥራቅ፣ ዛሬ የካ በምንለው ወገን፣ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው። የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ከእንጦጦ ግርጌ ያገኘው ግቢ እስካሁን በደን እንደተሸፈነ ነው። ፈረስ ማሰማሪያው፣ ምንጩና ጥላው የዲፕሎማቱ ምቾት ነበሩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ግን ብዙ የውጭ ዜጎች በሲክ ወታደሮች ወደሚጠበቀው ወደዚያው ግቢ ገብተው ተጠለሉ። በዚያ ሳምንት ግቢው የሚመዘነው በጥላው ሳይሆን በአጥሩ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው የከተማው ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ማገዶው እንመለስ፤ የነገሬ እምብርት እርሱ ነውና። ጽዱ ሲያልቅ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አዲስ አበባን ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ቶሎ አዳጊ ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦ እንደገና ለበሰ። ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ከተማ አልወረደም። ከእንጦጦ ቁልቁለት ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶችን በየካና በጉለሌ መንገዶች ያላየ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ሌጋሲዮኑና ስለ ባንኩ ብዙ ተጽፏል፤ የእነዚህ ሴቶች የሥራ ቦታ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚያው ተራራ ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የከተማው ሰው ለጤናው ይሮጥበታል። አንዱ ዳገት ለአንዱ ምቾት፣ ለሌላው እንጀራ ነው።

ይህን ይዘን የወጣቱን ፎቶግራፎች እንመልከት። በዓለም ላይ በተለመደው አሠራር የፕራይቬት ኢኩዊቲ ድርጅት ባለሀብቶች ሊሰጡት ቃል ከገቡት ገንዘብ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ለአስተዳደር ይወስዳል፤ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ይካፈላል። የቢሮው ኪራይና የቡና ማሽኑ በአብዛኛው የሚከፈሉት ከመጀመሪያው ነው። ትርፍ ቢገኝም ባይገኝም የሚገባ ስለሆነ ከግብር ጋር ያለውን ዝምድና ለእናንተ እተወዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገዛው የአሜሪካው አርጄአር ናቢስኮ በሥራ አስኪያጆቹ የጄት አውሮፕላኖች ይታማ ነበር። ገዢው ኬኬአር ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በዝዋይ ሰፊ የጽጌረዳ እርሻ ወዳለው አፍሪፍሎራ ገባ። በእርሻው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ነበሩ። እኔ ብመዝን የኒውዮርኩን ቢሮ ሳይሆን እነዚህን እመዝናለሁ፤ ምክንያቱም የአበባ ቆራጯ የሥራ ቦታ ግሪን ሃውሱ ነው፣ ባለቤቱ ሲለዋወጥም እርሷ እዚያው ናት።

ስለዚህ ለወጣቱ በስልክ ያልሁት ይህን ነው፦ ቢሮውን ስታይ የገዙትን ፋብሪካ መጸዳጃ ቤትም አሳዩኝ በላቸው። ሳቀ፤ ግን ጠይቋል። ከሦስቱ እሺ ያለው ባለ ቪላው ብቻ ነበር። እዚያው ሥራ ጀምሯል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንደሌላቸውም ነግሮኛል።