ነባሪውን ማን አስቀመጠው?

ድረ ገጽ ላይ የሰፈረ የኢሜይል አድራሻ ሲነካ፣ ተጠቅመንበት የማናውቀው ፕሮግራም ብቅ ብሎ አካውንት ክፈቱ ይላል። የኢሜይል ሣጥናችን እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ተከፍቶ እያለ! ይህን የሚያደርገው በአማርኛው ቅንብር «ነባሪ» ተብሎ የተሰየመው ፕሮግራም ነው።

የቃሉ ሥር የግእዙ «ነበረ» ሲሆን ትርጉሙም «ተቀመጠ» ነው። ጸሎተ ሃይማኖት በግእዝ ሲደርስ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ክርስቶስ የተነገረውን «ነበረ» እንደ ኃላፊ ጊዜ ሊሰማው ይችላል፤ ግእዙ ግን በአባቱ ቀኝ መቀመጡን ነው የሚናገረው። መቀመጫው መንበር ተባለ። በአማርኛ አፍ ወንበር ሲሆን፣ ሊቀ መንበር ግን የጥንቱን መልክ ይዞ ቀረ። መቀመጥ ሲሰነብት መኖርን ወለደ፤ «በ» ላልቶ ወደ «ወ» ሲያዘነብል ነበረ «ኖረ» ሆነ። እንግዲህ የቀበሌው ነዋሪና የኮምፒውተሩ ነባሪ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ንብረትም ዘመዳቸው ነው፤ የአክሱም ጽዮኑ ንቡረ እድም እንዲሁ።

የእንግሊዝኛው «ዲፎልት» ከዚህ ወገን አይደለም። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሆኖ መነሻው ጉድለት ነው። ዕዳውን ያልከፈለ፣ ችሎት ያልቀረበ ሰው የሚወቀስበት ቃል ነበር፤ የእኛ ፍርድ ቤቶች «በሌለበት» የሚሉትን ፍርድ እንግሊዞቹ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የኮምፒውተር ሰዎች ሲዋሱት፣ ተጠቃሚው ምርጫውን ሳያቀርብ ሲቀር የሚሠራው ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛው የቀረውን ይከሳል፣ አማርኛው የተቀመጠውን ያከብራል። ነባሪ ያማረ ቃል ነው፤ ግን ፕሮግራሙን ባለ ርስት ያስመስለዋል፣ ያለ እኛ ፈቃድ መቀመጡንም ይሸፍናል።

ሊንኩ ራሱ ስለ ወንበሩ አያውቅም። በውስጡ ያለው «ሜይልቱ» የተባለ መነሻና የተቀባዩ አድራሻ ነው። ቲም በርነርስ ሊና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የድር አድራሻዎች ደንብ ውስጥ ሜይልቱ ለማን እንደሚጻፍ ይገልጻል፤ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚጻፍ አይገልጽም። ብሮውዘሩም አድራሻውን ተቀብሎ ለነባሪው ያቀብላል።

ስለዚህ ወንበሩን ማስለቀቅ ይቻላል። ፋየርፎክስ ላይ ቅንብሮች ገብታችሁ አፕሊኬሽኖች በተዘረዘሩበት ክፍል የሜይልቱን መስመር ፈልጉና ጂሜይልን ምረጡ። ክሮም ላይ ጂሜይልን ስትከፍቱ በአድራሻ መስመሩ ቀኝ በኩል በሚታየው ምልክት ፈቃድ ስጡ። ምልክቱ ካልታየ ቅንብሮች ውስጥ ድረ ገጾች ፈቃድ እንዳይጠይቁ ተከልክለው እንደሆነ እዩ። ማንንም ማስቀመጥ ካልፈለጋችሁ ፋየርፎክስ «ሁልጊዜ ጠይቅ» የሚል ምርጫ አለው፤ ያኔ የኢሜይል ሊንክ በነካችሁ ቁጥር በምን ይከፈት ብሎ ይጠይቃችኋል።