ውለታ በላ እንግዶች

ስለ አሜሪካ አህጉር ሰፈራ ሲነሳ በቅድሚያ ትዝ የሚለን የእንግሊዝና የስፔን ስም ነው። ታዲያ ዛሬ ኩቤክ በተባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ሚሊዮኖች ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳርቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1535 ዣክ ካርቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ መርከበኛ በሦስት መርከቦች 110 ያህል ሰዎችን ይዞ ወደዚህ ወንዝ ዘለቀ። የአገሬው ተወላጆች ከሚኖሩባት ስታዳኮና ከተባለች መንደር አጠገብም ሰፈረ። የብርዱ ወራት ሲገባ ወንዙ ረጋ፤ መርከቦቹ በበረዶ ተያዙ። ወዲያው የሰዎቹ ድድ መበስበስ፣ ጥርሳቸው መርገፍ፣ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። በሽታው ዛሬ በቫይታሚን ሲ እጥረት እንደሚመጣ የምናውቀው ስከርቪ ነበር። 25 ሰዎች ሞቱ።

ያዳናቸው ማን ይመስላችኋል? የመንደሩ አለቃ የዶናኮና ልጅ ዶማጋያ ነው። ካርቲዬ ከአንድ ዓመት በፊት ይህንኑ ወጣት ከወንድሙ ጋር ወደ ፈረንሳይ ወስዶት ነበር። እርሱ ግን ቂም ሳይይዝ የአንድን ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ አፍልተው እንዲጠጡ አሳያቸው። የመንደሩ ሴቶችም ቅርንጫፉን በመልቀም አገዟቸው። በሽተኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሡ።

የውለታው ምላሽ ምን ሆነ? በግንቦት 1536 ካርቲዬ ዶናኮናንና ልጆቹን በተንኮል ይዞ፣ በጠቅላላው 10 ሰዎችን ወደ ፈረንሳይ ወሰደ። በ1541 ሲመለስ ከአንዲት ልጃገረድ በቀር ሁሉም በሰው አገር ሞተው ነበር። እርሱ ግን ለዘመዶቻቸው፣ አለቃው ቢሞትም ሌሎቹ በፈረንሳይ በክብር እየኖሩ ነው ብሎ ዋሻቸው። እምነት የፈረሰበት ያ ሰፈራ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተበተነ።

በ1608 ሳሙኤል ሻምፕላን መጥቶ ኩቤክን ሲቆረቁር የስታዳኮና ሰዎች በስፍራው አልነበሩም። በሽታው ግን ተመልሶ መጣ። ከ28 ሰፋሪዎች 20ዎቹ በስከርቪና በተቅማጥ አለቁ። ያንን ዛፍ የሚያሳያቸው ዶማጋያ አልነበረም!

ከዚያ በኋላ ሰፈራው ቀስ እያለ አደገ። በ1617 የመድኃኒት ቀማሚው ሉዊ ኤቤር ከባለቤቱ ከማሪ ሮሌና ከልጆቻቸው ጋር መጥቶ ማረስ ጀመረ። መንገዱ ወንዙ ስለነበር የእርሻ መሬቱ ከውሃው ዳር ተነሥቶ ወደ ኋላ በሚዘልቅ ጠባብና ረጅም ቁራጭ ይከፋፈል ነበር። ያም ሆኖ በ1666 በተደረገው ቆጠራ ሰፋሪዎቹ 3,215 ብቻ ነበሩ። የቢቨር ቆዳ ንግዳቸውም ሆነ ደኅንነታቸው የተመሠረተው በአገሬው ሕዝቦች ወዳጅነት ላይ ነበር። ዳሩ ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ወረርሽኞች በ1630ዎቹ ዋና ሸሪካቸው ከነበረው የዌንዳት ሕዝብ ግማሽ ያህሉን ፈጁት። ፈረንሳይ ራሷም በ1763 ግዛቱን ለእንግሊዝ አስረከበች።

ውድ አንባቢያን! ካናዳ የሚለው ስም የመጣው ከስታዳኮና ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም መንደር ማለት ነው። ባለመንደሮቹ ጠፍተው ቃላቸው የአገር ስም ሆኖ ቀረ። ለልጆቻችን ይህን ታሪክ ስናወራ የመርከበኛውን ስም ብቻ አንንገራቸው፤ ዶማጋያ የሚባል ሰው እንደነበረም ይወቁ።