ሕመምን የሚያስታግስ፣ ሱስን የሚያስይዝ

በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴና በጨፋ ሮቢት የምትገኙ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች! የዛሬው ትምህርታችን የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ኦፒየም ምንድን ነው? ፖፒ ከሚባል አበባ ፍሬ የሚወጣው ወተት ሲደርቅ ኦፒየም ይባላል። ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ሕመማቸውን አስታግሰውበታል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሰውነት ይለምደዋል። ለለመደ ሰው ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃውም። ሲያጣው ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ ያጣል። ሱስ ማለት ይኸው ነው።

በቻይና ብዙ ሕዝብ ኦፒየም በማጨስ ተጎዳ። በብዛት የሚያስገቡት የእንግሊዝ ነጋዴዎች ነበሩ። መንግሥቱ ቢከለክላቸው እንግሊዝ በ1839 ጦር አነሣች። ቻይናም ተሸነፈች።

በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ነው ብሎ ሸጠ። ሱስ አያስይዝም ተባለ፤ ነገሩ ግን ሐሰት ሆነ። በ1996 ደግሞ በአሜሪካ ኦክሲኮንቲን የተባለ ክኒን ወጣ። አሁንም ብዙም ሱስ አያስይዝም ተባለ። በ2007 ኩባንያው ሕዝቡን ማሳሳቱን በፍርድ ቤት አመነ። በ2022 በአሜሪካ በአንድ ዓመት ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት መድኃኒትና ዕፅ ሞቱ።

በአገራችን የሚታወቀው ትራማዶልም ከዚሁ ወገን ነው። በጀርመን ለሽያጭ የቀረበው በ1977 ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጥ አይገባም። በአደንዛዥ ዕፅ መነገድንም በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይቀጣል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ክፉ ነው ማለት ነው? አይደለም። ካንሰር ለያዘው፣ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ክፋቱ ያለ ሐኪም፣ ያለ ልክ ሲወሰድ ነው። ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰውዬው ሲቀሰቅሱት አይነቃም፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። ያን ጊዜ ይነቃል ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ መርፌ አለ።

ሱስ የያዘው ሰው ሕመምተኛ ነው። አትስደቡት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እናንተ ማንበብ ተምራችኋል። ክኒን ስትገዙ ስሙን፣ መጠኑንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብቡ። ጽሑፍ የሌለውን ክኒን ከገበያ አትግዙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ለዛሬው በዚሁ እናበቃለን። ደኅና ሁኑ።