የክትባት ቀጠሮና የገጠር ሰው ጭንቀት
ስለ ፈንጣጣ ክትባት ታሪክ በኢትዮጵያ ገጠር

ስለ አገራችን የጤና አጠባበቅ የተጻፉ መግለጫዎች፥ የገጠር ሰው ሳይከተብ ሲቀር ምክንያቱን በሁለት ከፍለው ያቀርባሉ። አንደኛው መንገዱ ስለ ራቀበት ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው ስለ ፈራ ወይም ጥቅሙን ስላላወቀ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው የመሐንዲስና የበጀት ጉዳይ ሆኖ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን የሰውየው የራሱ ጉድለት ተደርጎ ይቈጠራል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ ይህ አከፋፈል ከታሪኩ ጋራ ምን ያህል እንደሚስማማ በፈንጣጣ ክትባት ምሳሌ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ስለ ቃላቱ

ነገሩን ከቃላት መጀመር ይጠቅማል። «ክትባት» የሚለው ቃል ከተበ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከዚሁ ሥር «ክታብ» የሚለውን ቃል እናገኛለን፤ ይኸውም በብራና ተጽፎ፥ በቆዳ ተሰፍቶ፥ ከክፉ ነገር እንዲጠብቅ በአንገት የሚንጠለጠለው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ተናጋሪው ልቡና ክትባትና ክታብ የሩቅ ዘመዳሞች አይደሉም። አንደኛው በብራና ላይ፥ ሁለተኛው በገላ ላይ የሚጻፍ መከላከያ ነው ብሎ ማሰብ ቋንቋው ራሱ የሚፈቅደው ነው። ክታብ ግን ከማንም አይወሰድም፤ ደብተራው የታወቀ፥ ቤቱና መምህሩ የሚጠየቅ መሆን አለበት። በገላ ላይ የሚጽፈውም ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቁ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ልናስተውለው የሚገባን የፍርሃት ቃል ነው። ሰው «ፈራሁ» ሲል የግሱ ባለቤት ራሱ ነው፤ ያደረገው እርሱ ነውና ሊተወው ይቻለዋል ተብሎ ይጠበቅበታል። «ጨነቀኝ» ሲል ግን ሰውየው ተሳቢ ነው፤ ነገሩ መጥቶ የያዘው፥ ያጠበበው ነው። በዚህ ረገድ «ጨነቀኝ» ከ«ራበኝ»፥ ከ«ጠማኝ»ና ከ«አመመኝ» ጋራ የሚሰለፍ ነው። እንግዲህ «ጨነቀኝ» ያለውን ሰው መዝጋቢው «ፈራ» ብሎ ሲጽፈው፥ ሕመሙን ወደ ጠባይ ለወጠበት ማለት ነው። ከአንድ ቀን ድንጋጤ አልፎ ጭንቀት አብሮት የሚኖር ሰው ደግሞ በየመንደሩ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ክፉውን ነገር ከመቀበል ይልቅ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቁ መጠበቅ ይብስበታል።

ለ. የቀድሞው ክትባት

ፈንጣጣ በአገራችን ጥንታዊ በሽታ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ በሽታው በከተማይቱ ነበረ፤ በእቴጌ ምንትዋብ የቍስቋም ግቢም የታመሙትን ሕፃናት እንዲያክም ተጠርቶ፥ ተዘግቶ የነበረውን በርና መስኮት አስከፍቶ አየር እንዳስገባ ጽፏል። ከ1888 እስከ 1892 በቈየው፥ ማለትም በእኛ አቈጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፥ ከብቱ በደስታ በሽታ ካለቀና ረኃብ ከገባ በኋላ፥ ፈንጣጣ ከሌሎች ወረርሽኞች ጋራ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል።

ነገር ግን ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1805 እስከ 1818 በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እንደ ዘገበው፥ ክንድን በምላጭ ቈርጦ ከታማሚ የተወሰደ መግል በማግባት የሚደረግ ክትባት በዚያ ዘመን የታወቀ ነበር። ይህ ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከሞከረው የላም ፈንጣጣ ክትባት የተለየ ነው፤ የሚገባው የሰው ፈንጣጣ ራሱ ነውና። ጥቅሙና ጉዳቱም ተጓዳኝ ነበሩ። በተፈጥሮው መንገድ የያዘው ከባዱ ፈንጣጣ ከመቶ ታማሚዎች እስከ 30 የሚደርሱትን ሲገድል፥ በዚህ ዐይነት ከተከተቡት መቶ ሰዎች የሚሞቱት ባመዛኙ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጡም ነበር። ይሁን እንጂ የተከተበው ሰው በሽታውን ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለተነሣንበት ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር የአሠራሩ ሥርዐት ነው። ክትባቱ የሚቻለው መግሉ የሚወሰድበት ታማሚ በአቅራቢያ ሲገኝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ጋራ መነጋገርና ቀን መቍረጥ ግዴታ ነበር። በገጠር ቀን የሚቈረጠው በሰዓት አይደለም፤ «ለሚካኤል»፥ «ከገበያ ማግስት»፥ «አዝመራው ሲገባ» ተብሎ ነው። ከታቢው ሰው የታወቀ ነው፤ ትኵሳቱ መቼ እንደሚነሣ፥ ቍስሉ መቼ እንደሚደርቅ ቀድሞ የተከተቡ ሽማግሎች ያውቁታል። አደጋው ከላም ፈንጣጣ ክትባት እጅግ የበለጠ ሲሆን፥ ጭንቀቱ ግን ወሰን ነበረው። ይህን በማለት የቀድሞውን አሠራር ለማወደስ አንሻም፤ ልጆች ሞተውበታል፥ ወረርሽኝም ተነሥቶበታል። ለማለት የምንወደው፥ የገጠሩ ሰው ስለ ክትባት ሐሳብ እንግዳ እንዳልነበረ ነው።

ሐ. በመንግሥት እጅ የተሰጠው ክትባት

የላም ፈንጣጣ ክትባት በመንግሥት አሳብ መሰጠት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ሐኪም ዉርትስ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክትባት እንዲሰጥ ሆኗል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክትባቱ እየተስፋፋ ቢሄድም፥ ያደረሰው ግን በአብዛኛው ሐኪም ቤት ያለባቸውን ከተሞችና መኪና የሚደርስባቸውን መንገዶች ነበር።

የገጠሩ ሰው ምን ያህል ከመዝገብ ውጭ እንደ ነበረ ሁለት ቍጥሮች ያስረዳሉ። በ1970 ከመላው ኢትዮጵያ ለዓለም የጤና ድርጅት የተነገረው የፈንጣጣ ታማሚ 722 ብቻ ነበር። በሽታውን ከአገር ለማጥፋት የተቋቋመው ድርጅት በ1971 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፥ በዚያው ዓመት የተመዘገበው 26,329 ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት ሠላሳ ስድስት እጥፍ አደገ ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ታማሚው ወደ መዝጋቢው ሊመጣ ሲጠበቅ፥ አሁን መዝጋቢው ወደ ታማሚው ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቍጥሩ በየዓመቱ ወረደ፤ በ1972 16,999፥ በ1973 5,414፥ በ1974 4,439፥ በ1975 3,935፥ በ1976 ደግሞ 915 ሆነ። የመጨረሻዋ ታማሚ በኦጋዴን በረሓ ዲሞ በምትባል መንደር በኦገስት 1976 ተገኘች።

ይህ ሥራ የተፈጸመው በጥቂት ሰዎች ነው። ኦስትሪያዊው ኩርት ዋይትሃለርና ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ከዓለም የጤና ድርጅት በኩል ካገለገሉት መካከል ናቸው። ከኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖችና የክትባት ሠራተኞች ጋራ የአሜሪካ፥ የጃፓንና የኦስትሪያ ወዶ ዘማቾች ተሰልፈዋል። በእግር፥ በበቅሎ፥ በላንድሮቨር፥ ኋላም በሄሊኮፕተር ተጉዘዋል። መሣሪያውም ለዚህ የተስማማ ነበር። ደርቆ የተዘጋጀው ክትባት ሙቀትን ስለሚችል በረዶ ሳያስፈልገው በሠራተኛው ኮረጆ ይዞራል፤ ባለ ሁለት ጫፉም መርፌ በፈሳሹ ተነክሮ ክንድን 15 ጊዜ ወጋ ወጋ በማድረግ ሥራው በአንድ አፍታ ያልቃል።

መ. ስለ እምቢታው

ታዲያ በብዙ ስፍራ እምቢታ አጋጠመ። በተለይ በጎጃምና በበጌምድር ደጋ ሕዝቡ ከክትባት ሠራተኞች ሲሸሽና ሲከለክል መታየቱ ተዘግቧል። ስለ ምን እንደ ሆነ ሲመረመር ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ከላይ ያየነው ነው፤ በዚህ ደጋ የቀድሞው ክትባት ገና አልተተወም ነበር። በመግል የተከተበ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደሚጠበቅ ያውቃል፤ ደግሞ ለመከተብ ምክንያት አይታየውም። ከዚህም በላይ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ቀላሉ ዐይነት ሆኖ፥ ከመቶ ታማሚ የሚገድለው ከአንድ ወይም ከሁለት እምብዛም አያልፍም ነበር። ስለዚህ የበሽታው ፍርሃት ሲቀንስ የመርፌው ፍርሃት ጎልቶ ታየ።

ሁለተኛው የመንግሥት መዝገብ ነው። በ1967 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የጎጃምን ገበሬ በ1968 እስከ ማመፅ አድርሶት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ እንግዳ ወረቀት ይዞ ሲመጣና የቤተ ሰቡን ቍጥር ሲጠይቅ፥ ገበሬው ያንን ዘመን ያስታውሳል ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

ሦስተኛው፥ ለኛ ጉዳይ የሚበልጠው፥ የዘዴው ጠባይ ነው። ድርጅቱ የተከተለው አገሩን ሁሉ በተራ መከተብ ሳይሆን፥ ታማሚውን ፈልጎ አግኝቶ በዙሪያው ያሉትን ፈጥኖ መከተብ ነበር። ዘዴው ትክክለኛ ነበር፤ በሽታውን ያጠፋውም እርሱ ነው። በመንደሩ በኩል ሆኖ ላየው ግን፥ ከታቢው የሚመጣው ሳይጠበቅ፥ ያውም በሽታው ከደጅ ሲደርስ ነው። የሰውየው መምጣት ራሱ የመቅሰፍት ምልክት ይሆናል። ቀን አልተቈረጠም፤ ባልየው ከእርሻ፥ ሚስቲቱ ከወንዝ አልተመለሱም፤ ክንዱ ሲያብጥና ትኵሳቱ ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ከታቢው ወደሚቀጥለው መንደር አልፏልና። ስለዚህ ጭንቀቱ የተወለደው ከመርፌው ብቻ ሳይሆን ከቀጠሮው መጥፋት ጭምር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ሥራው የቀናባቸው ስፍራዎች ሁኔታ ነው። ሠራተኞቹ የበሽታውን ሥዕል የያዘ ካርድ በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ ሲጠይቁ፥ የአገሩን ሽማግሎች አስቀድመው ሲያነጋግሩ፥ በኦጋዴንም ከአርብቶ አደሩ መካከል ጠባቂና መሪ ሲቀጥሩ፥ ያልተከፈተው ደጅ ተከፍቷል። ገበያ የታወቀ ቀን አለው፤ ሽማግሌም የታወቀ ቤት አለው።

ሠ. አንድ ተቃራኒ ምስክር

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በቀጠሮና በርቀት መተርጐም ፍርድ ማዛባት ይሆናል። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ዓሊ ማዎ ማዓሊን በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የታመመ ወጣት ነበር። ይህ ሰው የሐኪም ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ክትባቱ ከእጁ የራቀ አልነበረም። ያልተከተበውም ያመኛል ብሎ ስለ ፈራ መሆኑን ኋላ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ መንገድ ሳይርቅም ሰው ሊሰጋ ይችላል። ሆኖም ይህ ሰው ድኖ፥ በኋለኛው ዘመኑ በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ አገልግሎ፥ የራሱን ታሪክ ለሚጠራጠሩ ወላጆች እየነገረ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2013 ሠርቷል። ከእርሱም የምንማረው፥ የሰጋ ሰው የተሻለ አስረጂ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ፍርሃታችሁ ከንቱ ነው አይልምና።

ረ. ከፈንጣጣ በኋላ

የዓለም የጤና ጉባኤ በሜይ 8 ቀን 1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሰጠው የተስፋፋ የክትባት ሥራ ተጀመረ። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በየቀበሌው ሁለት የተማሩ ሴቶች ተመድበው ለ5,000 ያህል ሰው አንድ ጤና ኬላ ቆመ። በዚህ እንግዳው ከታቢ ጎረቤት ሆነ ማለት ይቻላል።

ችግሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የፈንጣጣው ክትባት በኮረጆ ይዞር ነበር፤ የኩፍኙና የፖሊዮው ክትባት ግን ቅዝቃዜ ካልተጠበቀለት ይበላሻል። የኩፍኙ ብልቃጥ ለ10 ሕፃናት የሚበቃ ሆኖ ሲመጣ፥ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ሕፃናት እስኪበረክቱ ብልቃጡን ለመክፈት ታመነታለች፤ ልጇን አዝላ ሩቅ መንገድ የመጣችውን እናት «በሌላ ቀን ተመለሺ» ትላታለች። ሁለቱም አላጠፉም። ነገር ግን ቀድሞውኑ ጭንቀት ላለባት እናት፥ አንድ ጊዜ ጨክና ተነሥታ በባዶ መመለስ ከርቀቱ በላይ ይጎዳል፤ ለሁለተኛው ጕዞ የሚያስፈልገውን ልብ የመጀመሪያው ጨርሶታልና። በመዝገቡ ላይ ግን የሚጻፈው «አቋረጠች» የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ የገጠርን የክትባት ታሪክ የሚመረምሩ ተማሪዎች «እምቢ አለ»፥ «ፈራ»፥ «ቀረ» የሚሉትን የመዝገብ ቃላት እንደ ፍጹም ማስረጃ እንዳይቀበሏቸው እናሳስባለን። ከእያንዳንዱ ቃል በስተኋላ፥ ከታቢው በምን ቀን እንደ መጣ፥ ቀኑን ማን እንደ ቈረጠው፥ ስንት ጊዜ ተቀጥሮ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ መጠየቅ ይገባል። ከ1971 እስከ 1976 የተሠራውን ሥራ ያዩ ሽማግሎች ዛሬ እያነሱ ናቸው። በመግል የተከተቡበት ጠባሳ ያላቸውም እንደዚሁ። ቃላቸው በሕይወት ሳሉ ካልተሰበሰበ፥ የሚቀርልን የከታቢው መዝገብ ብቻ ነው፤ እርሱም «ፈራሁ»ን እንጂ «ጨነቀኝ»ን አልጻፈም።