የገበያዋ ሴት መልክ

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ በጎን ይሥሉት ነበር። ከቅዱሳኑ እግር ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ይወድቃል። የገበያ ሴት ግን በየትኛውም ወገን እምብዛም ስፍራ አልነበራትም።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ፣ በምዕራብ ዓባያ ብርብር ላይ ሙዝ ደርድረው የሚቆሙትን እናቶች ባየሁ ቁጥር የማስታውሰው ሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ከዚያም በሌኒንግራድ የተማሩ፣ ለዓመታትም ያስተማሩ ሰው ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኙት ሥዕሎቻቸው የከተሞችን ቸርቻሪ ሴቶች ቀጥ አድርገው አቁመዋቸዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚያ ፊቶች ላይ እንባ ወይም ሳቅ አትፈልግ። ድካሙም ኩራቱም ያለው በትከሻቸውና በአንገታቸው አያያዝ ነው። (ፊትን አጨማድዶ ሐዘን ማሳየትማ ቀላል ነው።) ከጀርባቸው የገበያው ግርግር ደብዝዞ ይቀራል፤ እነርሱ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ድሮ ለቅዱሳን ብቻ በተፈቀደው አቋም፣ ገዢ እስኪመጣ ቆመዋል።