የሽሮ ሜዳ ጥለትና ስሙ ያልተጻፈው ሠዓሊ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ጥቂት እንደ ተራመደ፣ በግራና በቀኝ ተሰቅሎ በነፋስ የሚውለበለብ የሐበሻ ልብስ ይቀበለዋል። ይህ ሽሮ ሜዳ ነው። ስለ አገራችን ሥዕል የሚጻፈው ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከብራና መጀመር ልማዱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ገበያ የሚታየውን ሥዕል ከሥዕል የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው።

አጼ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ከዚሁ ሠፈር በላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን የቤተ መቅደስ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ይለጠፍ ነበር። መምህሩ የመልኩን ዳር ይነድፋል፤ ደቀ መዝሙሩ ቀለሙን ይሞላል፤ ጻድቁ በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥኡ በአንድ ዐይኑ ይሣላል፤ ወጪውን የቻለው ባለጸጋም ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ይታያል። ጥጡን የፈተለችውና ጨርቁን የሸመነው ግን በዚያ ግርጌ እንኳ ስፍራ አላገኙም።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡና የእነርሱም ልጆች ናቸው። አገራቸው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአጼ ምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በጉለሌ ሠፈሩ። ሥራቸው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሴቶቹ ጥጡን ያባዝታሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዱ እግሩን በጉድጓድ አስገብቶ ድሩን በማግ ያያይዛል፤ ሌላው ይሰፋል፣ ይጠልፋል። ጥለቱን የሚያወጣ ሸማኔ እርሳስ አይዝም፤ ክሩን በጣቱ እየቈጠረ መስቀሉን ያበቅለዋል። ገዢውም ቀለሙንና ዐይነቱን መርጦ ስለሚያዝ፣ ከሥራው ተካፋይ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበብ ለባለቤቱ ክብር አላመጣለትም ነበር። ሸማኔ መባል ስድብ በመሆኑ፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ። አዋጅ አፍን ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርቱ፣ ጥቂት ቈይቶም አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕል ሲሠሩ ሠዓሊ ባለ ስም ሆነ፤ የሚገባም ነበር። ጥለት የሚያወጣው ግን ሸማኔ እንደ ተባለ ቀረ።

ሌላም ጕዳይ አለ፤ ዝም ብንለው ነውር ይሆናል። ትምህርትና መልካም ኑሮ ታገኛላችሁ እየተባሉ ከጋሞ የመጡ ሕፃናት፣ በአዲስ አበባ የሽመና ቤቶች ከንጋት እስከ ሌሊት ሲሠሩ ተገኝተዋል። ለበዓል ነጭ የምንለብስ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ስንጠይቅ አልታየንም። ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣው ጥለት መሰል የታተመ ጨርቅ ዋጋውን ሲያወርደው ደግሞ፣ ዕዳው ዞሮ የሚወድቀው በሸማኔው ላይ ነው።

ባለፈው ጥምቀት ለእናቴ ቀሚስ ልገዛ ወጥቼ፣ ጥለቱን ማን እንዳወጣው ነጋዴዋን ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ዋጋ ለማስቀነስ የጠየቅሁ መሰላት። ኋላ ግን ወደ ጓሮ ዘልቃ አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። እርሳቸውም ቀሚሱን ገልበጥ አድርገው ውስጡን ካዩ በኋላ፣ «ይኼ የእኔ አይደለም፣ የወንድሜ ልጅ እጅ ነው» አሉኝ።